«ባረቀ» ብለን እስከ መቼ?

ርዕሱን አይታችሁ «ይቺ ልጅ ደግሞ ስለ ጠመንጃ ምን አገባት?» እንደምትሉ ይገባኛል። የዛሬ ዓመት ቢሆን እኔም እንደዚያው እል ነበር። ጥይት የወንዶችና የወታደሮች ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የጋዜጠኛም ጉዳይ ነው እላለሁ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ከታሪኩ ልጀምር።

አንደኛ ዓመት እያለን የዜና አጻጻፍ መምህራችን ለሴሚስተሩ እረፍት አንድ የቤት ሥራ ሰጡን። እያንዳንዳችን ከመጣንበት አካባቢ አንድ አጭር ዜና ይዘን እንድንመለስ ነበር። እኔ ገና ጎባ ሳልደርስ እናቴ ደወለችልኝ። ከዲንሾ ወዲህ ባለች መንደር የሚኖረው ወንድሟ፣ አጎቴ፣ በጠመንጃ ተጎድቶ ሐኪም ቤት ገብቷል። «ምን ሆኖ?» አልኳት። «ባርቆበት» አለችኝ። እኔም ደንግጬ፣ አልቅሼ፣ ሲረጋጋልኝ ደግሞ (ይቅር ይበለኝ) የቤት ሥራዬ ትዝ አለኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«በባሌ ዞን ነዋሪ የሆኑ አንድ አርሶ አደር የያዙት የጦር መሣሪያ ባርቆባቸው ዓይናቸው ላይ ጉዳት ደረሰባቸው። ግለሰቡ በሕክምና ላይ ይገኛሉ። ነዋሪዎች መሣሪያ ሲይዙ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ተጠይቋል።»

ማን ጠየቀ? ማንም አልጠየቀም። ዜና እንደዚያ ነው የሚያልቀው ብዬ ነው። ለማንኛውም ጥሩ ማርክ አገኘሁበት። ጽሑፉም በክፍላችን ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የዚያው አካባቢ ልጅ የሆነ የክፍል ጓደኛዬ በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ወደ መንደሩ ላከው። ከዚያ በኋላ አጎቴን ልጠይቅ ስሄድ አንድ ዓይኑ በፋሻ ታስሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ያለኝን አልረሳውም፦

«ልጄ፣ ባረቀበት ብለሽ ጻፍሽብኝ አሉ። እኔ እኮ ተኩሼ ነው።»

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በአማርኛችን «ባረቀ» ማለት ሳይታሰብ፣ ሳይፈለግ ተተኮሰ ማለት ነው። ሰውየው ጣቱን ያለ ቦታው አድርጎ ነበር፣ ወይ አቀባብሎ ረስቶት ነበር ማለት ነው። ባጭሩ ዝርክርክ ነው ማለት ነው። አጎቴ ግን እንደዚያ አልነበረም። ሌሊት ጅብ የበጎቹን በረት ሲነቀንቅ ሰምቶ ወጣ። ለማስደንገጥ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ ቃታውን ሳበ። አውቆ፣ አስቦ ነው የሳበው። እሳቱና ጭሱ ግን በአፈሙዙ በኩል ብቻ በመውጣት ፈንታ ከማቀባበያው በኩል ወደ ፊቱ ተመለሰ። ጠመንጃው ከአባቱ የወረሰው፣ ፈቃድ ያለው ቤልጅግ ነው። ዕድሜ ልኩን ይዞት አንድም ቀን አላስቸገረውም። ታዲያ ምን ተፈጠረ? እኔ በዜናዬ ይህን አልጠየቅሁም። «ባረቀ» የሚለው ቃል ጥያቄዬን በላብኝ።

ያንን ጥያቄ የጠየቁልኝ በመንደሩ ያሉ አንድ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው የደጋ አጋዘን ለማደን ከሚመጡ የውጭ አዳኞች ጋር ዱካ ተከታይ ሆነው በባሌ የአደን ቀበሌዎች ሠርተዋል። አጎቴ ጥይቶቹን ከየት እንዳመጣ ጠየቁት። የአባቱ ጥይት ካለቀ ቆይቷል። በገበያ ቀን አንድ ሰው «የተሞላ ነው፣ እንደ አዲስ ነው» ብሎ ስድስት ሸጠለት። ማለትም አንድ ጊዜ የተተኮሰ ቀለህ ውስጥ እንደገና ባሩድ ተጨምሮ፣ አረር ተሰክቶበት ነው። አንዱ ፊቱ ላይ ፈነዳ። አምስቱ በጣሳ ውስጥ ቀርተዋል። እነዚያን ጥይቶች ለፖሊስ ከማስረከባችን በፊት አዛውንቱ ጠረጴዛው ላይ ፈሰስ አድርገው «ነይ ልጄ፣ ጋዜጠኛ ከሆንሽ እዪ» አሉኝ።

መጀመሪያ አምስቱንም በቂጣቸው ጎን ለጎን አቆሟቸው። እንደ ሕፃን ጥርስ አንዱ ረዝሟል፣ አንዱ አጥሯል። ከፋብሪካ የወጣ ጥይት በአንድ መልክ የተሠራ ስለሆነ ቁመቱ እኩል ነው። «ይቺ አጠረች ማለት አረሩ ወደ ውስጥ ጠልቋል ማለት ነው» አሉኝ። አረር በጣም ሲጠልቅ ከሥሩ ያለው የባሩድ ቦታ ይጠብባል። ባሩዱ ሲቀጣጠል ጋዙ የሚላወስበት ስለሚያጣ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ቀለሁ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ይቀደድና ጋዙ ወደ ተኳሹ ይመለሳል። ረዝሞ የቀረውም ደህና አይደለም። ሲቀባበል የአረሩ ጫፍ በአፈሙዙ ውስጥ ካለው ጥምዝምዝ መስመር ጋር ይጋጫል። ይሄም ግፊቱን ይጨምራል። ሳይተኮስ ላውጣው ቢሉ ደግሞ አረሩ እዚያው ተቀርቅሮ ቀለሁ ብቻውን ይወጣና ባሩዱ ይፈሳል።

ቀጥለው እያንዳንዱን አረር በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ለማዞር ሞከሩ። ሁለቱ ዞሩ! እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቁ። ጥይት በደንብ ከተሠራ በጣት አይዞርም፣ አይገፋምም። አረሩን የሚይዘው የቀለሁ አንገት ነው። ቀለህ ሲተኮስ አንገቱ ይሰፋል። ስለዚህ እንደገና የሚሞላው ሰው መጀመሪያ አንገቱን በመሣሪያ ወደ ልኩ መመለስ አለበት። የኛ ሻጭ ያንን አላደረገም፣ ወይም መሣሪያው አልነበረውም። ከቀለሆቹ የአንዱ አንገት ላይም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አሳዩኝ። ናስ ሲያረጅ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ አንገት ደግሞ ምንም ቢያደርጉት አረር አይዝም፤ መጣል ብቻ ነው ያለው።

ሦስተኛው ጥፋት ለኔ በጣም ያስገረመኝ ነው። ሻጩ አረሩ እንደላላበት ሳያውቅ አልቀረም። ስለዚህ የአንዱን ቀለህ አፍ በጉጠት ቆንጥጦ ወደ አረሩ አጥፎታል። ባለሙያዎቹ ይህን አፉን አጥፎ የማጥበቅ ሥራ «ክሪምፕ» ይሉታል። በሥርዓቱ ከተሠራ ጥቅም አለው። ነገር ግን ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል አሉኝ። አንደኛ፣ አፉ የሚታጠፈው በአረሩ ወገብ ላይ ለዚሁ ተብላ በተቆረጠች ቀጭን መስመር ውስጥ ነው። መስመር በሌለው አረር ላይ በኃይል ሲታጠፍ ናሱ መሄጃ ሲያጣ ወደ ታች ይገፋና የቀለሁ ትከሻ ያብጣል። ያበጠ ጥይት ደግሞ ጠመንጃው ውስጥ አልገባም ይላል። ሁለተኛ፣ ክሪምፕ የላላ አንገትን አያድንም። ዋናው መያዣ የአንገቱ ጥበት ነው፤ ክሪምፕ ተጨማሪ ነው። ቀበቶ ሱሪን ይይዛል እንጂ ያልተሰፋ ሱሪ አይሰፋም።

አዛውንቱ ይህን ከየት አወቁት? አንድ ማለዳ አብረውት የወጡት የውጭ አዳኝ ስንት ሰዓት በብርድ ተደብቆ የጠበቀው አጋዘን ሲመጣ ጥይቱ አልገባ አለው። አጋዘኑ ሄደ። ማታ ካምፕ ሲገቡ ሰውየው በንዴት ጥይቱን በብርሃን ያገላብጥ ጀመር። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ አዳኞች በሕጋቸው በተፈቀደላቸው መሠረት ጥይታቸውን ራሳቸው ይሞላሉ። መሣሪያውንም «ፕሬስ» ነው የሚሉት (እኛ ፕሬስ ስንል ሌላ ነገር ነው የሚመጣልን፣ አይደል?)። የሰውየው ጥፋት ምን ነበር መሰላችሁ? ቀለሆቹን እኩል ቁመት ሳይቆርጥ አረሩን መሰካቱንና አፉን ማጠፉን በአንድ ምት ሠርቶታል። መሣሪያው ለአንድ ቁመት ተስተካክሎ ሲቀመጥ አጭሩን ቀለህ ሳያጥፈው ያልፋል፣ ረጅሙን ደግሞ ከልክ በላይ ተጭኖ ትከሻውን ያሳብጠዋል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ቀለሆቹን እኩል መቁረጥ፣ የውስጥ አፋቸውን ሞረድ አድርጎ አረሩን እንዳይፍቀው ማድረግ፣ አረሩን መጀመሪያ መትከል፣ ከዚያ በሌላ ዙር ማጠፍ። ከዚያ በኋላም እያንዳንዱን በካሊፐር መለካት።

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባህ አለኝ። «አባባ፣ ድሮ አባቶቻችን በእጃቸው አይደል እንዴ ጥይት ይሞሉ የነበረው? ለምን እነሱን አልፈነዳባቸውም?» አልኳቸው። ሳቁ። አባታቸው ውጅግራ ነበራቸው። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 ፈረንሳይ የሠራችው «ግራ» የተባለ ጠመንጃ ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከዘመቱት ጠመንጃዎች አንዱ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ የሚተኩሰውም ጥቁር ባሩድ ነው። ጥይቱ በዚያ ዘመን በብዙ የአገራችን ክፍል ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ገንዘብ የሆነ ዕቃ ደግሞ አይጣልም። የአዛውንቱ አባትም ቀለሁን ይለቅሙ፣ እርሳስ ያቀልጡ፣ ባሩዱን ከቀንድ እየቀዱ ይሞሉ ነበር።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ጥቁር ባሩድ ቀለሁን እስከ አፉ ይሞላዋል። አረሩ የሚቀመጠው ባሩዱ ላይ ነው። ቢላላም እንኳ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ የለውም። እንደ ቤልጅግ ያለው ጠመንጃ ጥይት ግን ጭስ የሌለው ባሩድ ነው ያለው። ኃይሉ እጅግ ይበልጣል፣ በቀለሁ ውስጥም ብዙ ጊዜ ክፍት ቦታ ይቀራል። አረሩ ከላላ ሲቀባበል ወደዚያ ክፍት ቦታ ይገፋል፤ ጠለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ነግሬያችኋለሁ። እንግዲህ የአባት ሙያ ሳይለወጥ በልጅ ዘመን ባሩድ ላይ ሲሠራ አደጋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አዛውንቱ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጠቀለሉት፦ «እጁ የድሮ ነው፣ ባሩዱ የዛሬ።»

እዚህ ላይ በሐቅ መናገር አለብኝ። አጎቴን የጎዳችው ስድስተኛዋ ጥይት አሁን የለችም። አዛውንቱም «አረሩ ጠልቆ ነው፣ ወይም ባሩዱ የሌላ ጠመንጃ ነው፣ ወይም ሁለቱም ነው» ነው ያሉት። ከአምስቱ ግን አንዲቱም ደህና አልነበረችም። ይሄ የታየ፣ የተዳሰሰ ነገር ነው። «ባረቀ» ግን ማንም ያላየው ነገር ነበር። እኔ ያልታየውን ጻፍኩ፣ የሚታየውን ተውኩ።

ይህም ዋጋ አለው። ያ ሻጭ ለአጎቴ ብቻ አይደለም የሸጠው። በዚያችው መንደር ሌሎችም ገዝተዋል። የኔን ዜና አንብበው ምን አሉ? «እሱ ነው ዝርክርኩ፣ የኛ አይባርቅም።» ጣሳቸውን ከፍተው አላዩም። ለምን ያያሉ? ዜናው ጥፋቱ የሰው ጣት ነው ብሏቸዋል። ጥፋቱ ግን ጥይቷ ላይ ነው። ምክንያቱን ብጽፍ ኖሮ ያቺ አጭር ወረቀት ማስጠንቀቂያ ትሆን ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? እኔ ግን ለአጎቴ ስድብ፣ ለጎረቤቶቹ ደግሞ የሐሰት መተማመኛ ነው የሰጠኋቸው።

በአካባቢያችን ሌላውን ነገር እንዴት እንደምንዘግብ ተመልከቱ። ባሌ የስንዴ አገር ነው። በ2006 ዓ.ም. «ዲጋሉ» የተባለው ዝርያ በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ሲመታ «ስንዴው ተበላሸ» ተብሎ ዝም አልተባለም። ዋግ ነው፣ የግንድ ዋግ ነው፣ የሚያጠቃው ይህን ዝርያ ነው ተባለ። ገበሬውም በቀጣዩ ዓመት የሚዘራውን ለመምረጥ የሚያስችለው ወሬ አገኘ። ለስንዴ የሰጠነውን ክብር ለሰው ዓይን ለምን ነፈግነው?

ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፣ ከዶርም ጓደኞቼ ሰምቼዋለሁና። አንደኛው «ስለ ጥይት አሞላል መጻፍ ሰውን ማስተማር ነው» የሚል ነው። እኔ ሙሉ አላልኩም። እንዲያውም አትሙሉ፣ አትግዙም ነው የምለው። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ጥይትም ያለ ፈቃድ እንደ ሽንኩርት በገበያ የሚቸረቸር ዕቃ አይደለም። ነገር ግን ዝምታችን አጎቴን ከዚያ ሻጭ አላዳነውም። ሻጩ አያውቅም፣ ገዢው አያውቅም፣ ዘጋቢዋም አታውቅም። ሦስት አለማወቅ ተደምሮ አንድ ዓይን ጠፋ። የላላ አረር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ገዢ ቢያንስ ገንዘቡን ይዞ ይመለስ ነበር።

ሁለተኛው «አጭር ዜና ነው፣ ቦታ የለም» የሚለው ነው። ይህን እኔም ብዬው ነበር። ስለዚህ ያንኑ ዜና ከሞላ ጎደል በዚያው ርዝመት እንደገና ጻፍኩት፦

«በባሌ ዞን አንድ አርሶ አደር ጅብ ለማባረር ሲተኩሱ ጋዙ ወደ ኋላ ተመልሶ ዓይናቸውን ጎዳቸው። ጥይቱ ከገበያ የተገዛ፣ በእጅ እንደገና የተሞላ ነበር። አብረው ከተገዙት አምስት ጥይቶች በሁለቱ ላይ አረሩ በጣት ይዞራል፤ ሌሎቹም ጉድለት ታይቶባቸዋል። ጥይቶቹ ለፖሊስ ተሰጥተዋል።»

ቆጥሩት፣ አራት ዓረፍተ ነገር ነው። «ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ተጠይቋል» የሚለው ወጥቷል፣ ምክንያቱ ገብቷል። ሁለተኛውን ያነበበ ሰው ጣሳውን ሳያይ አይተኛም።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ሥርዓተ ትምህርት የመቅረጽ ሥልጣን የለኝም። ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ፣ ለኛ ለተማሪዎች ደግሞ አንድ ልማድ ላቅርብ። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ በዜና ኮርስ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ስለ ዕቃ ስሞች ይሰጠን። ጥይት፣ ቀለህ፣ አረር፣ ባሩድ አንድ አይደሉም። ቀለህ ተገኘ ማለት እዚያ ተተኩሷል ሊሆን ይችላል። ያልተተኮሰ ጥይት ተገኘ ማለት ግን ሌላ ነው። እነዚህን አደባልቀን ስንጽፍ አንድ ሰው ሊከሰስ፣ አንድ ሰው ነፃ ሊወጣ ይችላል። አማርኛችን ቃል አላጣም፣ ቃሉን የሚያውቁት ግን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሚጠይቃቸው ያጡ አዛውንቶች ናቸው።

ልማዱ ደግሞ ይሄ ነው፦ «ባረቀ» የሚል ቃል ሲመጣብን ብዕራችንን እናስቀምጥና ሦስት ነገር እንጠይቅ። ቃታው ተስቧል ወይስ አልተሳበም? ጥይቱ ከየት መጣ? የቀሩት ጥይቶች የት ናቸው? ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ የሚሉትን በቃላችን ሸምድደናል። «ለምን» የምትለዋን ግን ሁሌ መጨረሻ ላይ እናደርጋትና ቦታ አለቀ እንላለን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ያሉት አባቶቻችን ይህን አውቀው ነው።

አዲሱን ጽሑፍ ወስጄ ለአጎቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «አሁን ተኮስኩ ተባለ» አለ። ዓይኑ አልተመለሰም፣ ስሙ ግን የተመለሰ መሰለኝ። በሳምንቱ ሦስት ጎረቤቶቹ የየራሳቸውን ጣሳ ይዘው ወደ ፖሊስ መሄዳቸውን እናቴ ደውላ ነገረችኝ። የመጀመሪያው ዜናዬ ጥሩ ማርክ አምጥቶልኛል። ሁለተኛው ምንም ማርክ የለውም። ግን ዜና የጻፍኩት በሁለተኛው ነው።